አሜባ ያልሆነው ተቅማጥ፦ ስለ አንጀት መቆጣት ሕመም ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ሆዱን ደጋግሞ የሚቆርጠውና የሚያስቀምጠው ሰው ለሕመሙ የሚሰጠው ስም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «አሜባ ነው» ይላል። ጎረቤቱም፣ የመድኃኒት መደብሩ ሠራተኛም፣ አንዳንድ ጊዜ የላቦራቶሪው ወረቀትም ይህንኑ ያጸኑለታል። ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ ይውጣል፤ ጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል ወይም የተሻለው ይመስለዋል፤ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል፤ መድኃኒቱም ይደገማል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ያለፉባቸው ምእመናን፣ ካህናትና የአብነት ተማሪዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል የሚያሠቃያቸው ተሕዋስ ሳይሆን የአንጀታቸው አሠራር መታወክ የሆነባቸው ሰዎች ይገኛሉ። ሐኪሞች ሕመሙን በምኅጻር «አይ ቢ ኤስ» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የአንጀት መቆጣት ሕመም እንለዋለን። ሆድ ድርቀት የሚያመጣም ዓይነት አለው፤ እዚህ የምንነጋገረው ተቅማጥ ስለሚያመጣው ነው።

ጉዳዩ በልማትና ተራድኦ መጽሔት የሚነሣበት ምክንያት አለ። የሆድ ነገር የሚያሳፍር በመሆኑ ሕመምተኛው ከሐኪም አስቀድሞ የሚነግረው ለንስሐ አባቱ ነው። ጥያቄዎቹም የታወቁ ናቸው፦ ጾሙን ልፍታ ወይ? እንዲህ እየሆንሁ ልቁረብ ወይ? ጸበል ስጠመቅ መድኃኒቱን ልተው ወይ? ካህኑ ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ የሰውየውን የሕክምና ጉዞ ያቃናል ወይም ያሰናክላል። ስለዚህ መልስ ሰጪው የሕመሙን ጠባይ ማወቁ ተገቢ ነው።

ተቅማጥና የቁስቋም ደብር የቆየ ትውውቅ አላቸው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር በደረሰ ጊዜ በዚሁ በቁስቋም ተቀምጦ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ይከታተል ነበር። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የአገራችን ሰዎች ለተቅማጥ የሚጠቀሙበትን አንድ ተክል ሥሎ አስተዋውቋል፤ ራሱም በዚህ ደዌ ተይዞ ሳለ እንደተጠቀመበት ጽፏል። ተክሉ እኛ ዋጊኖስ ወይም አባሎ የምንለው ነው። የአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንት ከብሩስ ስምና ከተቅማጥ አዳኝነቱ አጣምረው ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ ብለው ሰየሙት። የእኛን አዋቂዎች መድኃኒት በእንግዳው ስም መጥራታቸው ሌላ ጨዋታ ነው።

ዋጊኖስን ያነሣነው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ዛሬም ፍሬውንና ቅጠሉን ለማይለቅ ተቅማጥ የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ተክሉ እጅግ መራራና ብርቱ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእርሱ ተለይቶ የወጣ ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር ለነቀርሳ መድኃኒትነት በሕሙማን ላይ እስከ መፈተን ደርሶ ነበር፤ ፈውስ ባለማሳየቱ ቀረ። ለነቀርሳ ይሆናል ተብሎ የታሰበን ነገር መጠኑ ሳይታወቅ ለዓመታት ለሚመላለስ የሆድ ሕመም መውሰድ አደገኛ ነው። ከዚህም በላይ ዋጊኖስ የሚታወቀው በተሕዋስ ምክንያት ለሚመጣ ተቅማጥ እንደመሆኑ፣ ተሕዋስ በሌለበት ሆድ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የለም። የሜትሮኒዳዞልም ነገር ከዚህ አይለይም።

ስለ ላቦራቶሪው ወረቀት ደግሞ ብዙዎች ያላወቁት ነገር አለ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ፈጽሞ የማይለዩ ሁለት የአሜባ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው፣ ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ፣ አንጀትን የሚያቆስልና ደም የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው፣ ኢንታሚባ ዲስፓር፣ በሰው አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱ ተለይተው እንዲታወቁ በ1997 እ.ኤ.አ. አሳስቧል። በአገራችንም በዘረ መል ምርመራ ሲጣራ «አሜባ» ከተባለው ብዙው ጉዳት የሌለው ዲስፓር ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ደም በሌለበት ተቅማጥ «የአሜባ እንቁላል ታየ» የሚል ወረቀት ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አያስረዳም። አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ታክሞ ያልተሻለው ሰው ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ቢውጥ የሚያተርፈው የአፍ ምሬትና ማቅለሽለሽ፣ እንዲሁም ጠቃሚ የሆኑ የአንጀት ባክቴሪያዎችን መረበሽ ነው።

ታዲያ የአንጀት መቆጣት ምንድን ነው? አንጀት ምግብን የሚገፋው በራሱ የነርቭ መረብ እየታዘዘ ነው፤ ይህ መረብ ከአንጎል ጋር ሌትና ቀን ይነጋገራል። ሴሮቶኒን የተባለው መልእክተኛ ንጥረ ነገር በአእምሮ ጉዳይ ስሙ ቢነሣም በሰውነታችን ካለው ከ90 በመቶ በላይ የሚሠራው በአንጀት ውስጥ ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው አንጀት ሲመረመር ቁስል አይታይበትም፤ ነገር ግን የሚገፋው በፍጥነት ነው፤ ለሌላው ሰው የማይሰማ ትንሽ ጋዝ ወይም ትንሽ መወጠር ለእርሱ ሕመም ሆኖ ይሰማዋል። በሁለቱ መካከል የሚሄደው መልእክት ስለ ሰላ፣ ሐሳብና ጭንቀት ሆዱን ያስነሣሉ፤ የሆዱም መነሣት መልሶ ያስጨንቀዋል። ይህ ማለት ሕመሙ የሐሳብ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። «ምንም የለብህም» ተብሎ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው በእውነት ታሟል።

ለብዙዎች መነሻው እውነተኛ የአንጀት ኢንፌክሽን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ልዩ ልዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው በተሕዋስ ተቅማጥ ከታመሙ 100 ሰዎች 10 ያህሉ ተሕዋሱ ከጠፋ በኋላ የአንጀት መቆጣት ይጀምራቸዋል። ንጹሕ ውሃ በጎደለበት፣ ተቅማጥ በሚበዛበት አገር የዚህን ትርጉም መገመት አያዳግትም። «አሜባ ነበረብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሆዴ አልተመለሰም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ የሚሳሳተው አሜባው ዛሬም አለ ብሎ በማሰቡ ነው።

ሐኪሞች ሕመሙን የሚለዩት በ2016 እ.ኤ.አ. በታደሰው የሮም መስፈርት በሚባለው ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም መኖር አለበት፤ ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር የሚያያዝ፣ ወይም ዓይነ ምድር የሚመጣበትን ጊዜ ብዛት የሚለውጥ፣ ወይም መልኩን የሚያላላ መሆን አለበት፤ ከእነዚህ ሦስቱ ሁለቱ ይበቃሉ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ደግሞ ከስድስት ወር በፊት ሊሆን ይገባል። ያለ ሕመም የሚያስቀምጥ ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ሌላ ምክንያት የመፈለጉን ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚያስነሣ ተቅማጥ፣ እንዲሁም ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የጀመረ የሆድ ለውጥ የአንጀት መቆጣት ተብለው መታለፍ የለባቸውም። በእኛ አካባቢ ደግሞ የሚጨመሩ አሉ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳትና የሆድ ማበጥ ካለበት ካላዛር ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያና በደምቢያ ውሃ ውስጥ የሚውል ልጅ ወይም ጎልማሳ ቢልሃርዝያ ሊይዘው ይችላል። የሆድ ሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪም ለወራት ያስቀምጣሉ። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ይህ ተቋም በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ የአገሪቱ ቀደምት የጤና ትምህርት ቤት ነው፤ ካላዛርንም የሚያክም ማዕከል አለው። ለሩቅ ገጠር ሰው የመንገዱ ወጪ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የሰበካ ጉባኤ የችግረኞች መርጃ ሣጥን ከሚውልባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ሕመም አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ ዋናው ሥራ በማዕድ ላይ ነው። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንጀት በቀላሉ የማይመጣቸውን፣ ባክቴሪያ የሚያፈላቸውንና ውሃ የሚስቡትን ስኳሮች ለይተው የሚቀንስ የአመጋገብ ሥርዓት አውጥተዋል። የእኛን ማዕድ በዚያ ዓይን ብናየው የሚያስገርም ነገር እናገኛለን፤ እነዚህ ስኳሮች በብዛት ያሉት በጾም ምግባችን ውስጥ ነው። ሽሮው ከአተር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ነው፤ ምስሩና ክኩም ከዚያው ወገን ናቸው። ወጡ የሚጀመረው በቀይ ሽንኩርት ነው፤ በርበሬው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተደልዟል። ስንዴና ገብስም ከሽንኩርቱ ስኳር ተመሳሳይ አላቸው። በዓመት ከግማሽ የሚበልጠውን ቀን የሚጾም ካህን ሆዱ የሚብሰው በጾም ወራት መሆኑን ቢናገር የእምነት ማነስ አድርገን አንቁጠርበት። ፍስክም ሲመጣ የራሱ ፈተና አለው፤ ወተት ብዙ የአገራችን ጎልማሶች በደንብ የማይፈጩት ስኳር ይዟል፤ ቅባት የበዛበት ዶሮ ወጥም አንጀትን በብርቱ ያንቀሳቅሳል።

እዚህ ላይ ጾምና የጾም ምግብ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማለት ይጠቅማል። ከምግብ ተከልክሎ መዋል ለእነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዕረፍት ነው፤ አንጀት በብርታት የሚነሣው ምግብ ሆድ ሲገባ ነውና። የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ሲፈታ ባዶ ሆድ ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ሽሮና በርበሬ መቅረቡ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ጾሙን ሳይፈታ የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ። የሚበላውን ከፍሎ በሁለትና በሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይብላ። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ የአበሻ ጎመን ለሆድ ይቀላሉ፤ የፎገራ ሩዝ ደግሞ በእጃችን ነው። ጤፍ ግሉተን የሌለበት እህል ነው፤ ከስንዴ ዳቦ ይልቅ የጤፍ እንጀራ የሚስማማቸው አሉ። ጥራጥሬውን መተው ካልተቻለ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ በአዲስ ውሃ አብዝቶ መቀቀልና ያንንም ውሃ መድፋት ከስኳሩ ይቀንሳል። ሽንኩርትን በተመለከተ ለባለ ሙያ እናቶች አንድ ዘዴ እንንገር፤ አስቸጋሪው ስኳር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱን ሳይከትፉ በዘይት ብቻ አቁላልተው ካወጡት በኋላ በዘይቱ ቢሠሩ ጣዕሙ ይቀራል፣ ጉዳቱ ይወጣል። ውሃ ከገባ በኋላ ግን ማውጣቱ አይጠቅምም። በርበሬውን በእርድ አልጫ መተካት፣ ቡናውንም ከአቦል እስከ በረካ ሳይሆን በአንድ ስኒ መወሰን ይረዳል። ተልባ ለድርቀት እንጂ ለዚህኛው ዓይነት አይመከርም።

ይህ ሥርዓት የዕድሜ ልክ አይደለም። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ከታየ በኋላ የተተዉት ምግቦች አንድ በአንድ ተመልሰው ይሞከራሉ፤ የሚጎዳው አንዱ ወይም ሁለቱ ይታወቃሉ፤ የቀረው ይበላል። አስቀድሞም የከሳና የሚበላው ያነሰው ሰው ግን ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ምግብ መቀነስ የለበትም።

ለማን ጾም ይቀንሳል የሚለው የአባቶች ሥልጣን ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን ከግዴታው ነጻ ያደርገዋል፤ የሐዋርያት ቀኖናም ካህኑ እንኳ በሥጋ ድካም ምክንያት ባይጾም አይነቅፈውም። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምክር መጻፉ የታወቀ ነው። በቁስቋም ደብር ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾመው ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም በመሆኑ በዚህ ወቅት ሕመምተኛን ማሳረፍ የሚያከራክር አይሆንም። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ሲሆን ግን ንስሐ አባቱ አስቀድሞ የምግቡን ዓይነት መለወጥ ቢመክርና ያ ባይበቃ ወደ መፍታት ቢያልፍ የተሻለ ይመስለናል። ብዙዎች ሕመምተኞች የሚፈልጉትም ይኸንኑ ነው፤ ከጾሙ መለየት አይፈልጉም።

መድኃኒትም አለ። ሎፔራማይድ የአንጀትን ሩጫ ያዘገያል፤ ሕመሙን ግን አያስወግድም። ረጅም ጉዞ ወይም አገልግሎት ባለበት ቀን አስቀድሞ መውሰድ ብዙዎችን ከቤት መዋል ያድናቸዋል። ደም ወይም ትኩሳት ባለበት ተቅማጥ አይወሰድም፤ ከታዘዘው መጠን ማለፍም ልብን ይጎዳል። ሕመሙን ራሱን ለማስታገሥ ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊንን በትንሽ መጠን ያዝዛሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በ463 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ማታ ማታ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም የወሰዱት ምልክቶቻቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደቀነሱላቸው አሳይቷል። መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ለድብርት የሚሰጥ ስለሆነ ሕመምተኛው ይህን ሲሰማ «እብድ አደረጉኝ» ብሎ ይጥለዋል። እዚህ የሚሰጠው የአንጀትን ነርቭ ለማለዘብ መሆኑን የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ካህኑ ሊሆን ይችላል። አፍ ማድረቅና እንቅልፍ ማምጣት ጠባዩ ነው፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል።

ጸበልን በተመለከተ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ያስተማሩትን ማስታወስ ይበቃል። ለሆድ ሕመምተኛ የሚጨመር ነገር ቢኖር ስለ መጠኑ ነው። በባዶ ሆድ ብዙ ጸበል ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥ እንደ መንጻት ይቆጠራል፤ ቀድሞም በሚያስቀምጠው ሰው ላይ ግን ድካም ይጨምራል። ጥቂት ቀምሶ መጠመቅ ይበቃዋል። ምንጩም ከብት ከማይደርስበት፣ ከመጸዳጃ በላይ ካለ ቦታ የተከለለ ቢሆን ለሁሉም ይበጃል።

የሰበካ ጉባኤው ሥራ ደግሞ በግቢው ውስጥ ነው። ይህን ሕመም የያዘው ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚተወው ከእምነት ማነስ ሳይሆን መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ባለማወቁ፣ ወይም በግቢው ባለመኖሩ ነው። ቅዳሴ የጀመረ ልዑክ መውጣት አይችልም፤ ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል አገልግሎቱ ይታወካል። ስለዚህ ሕመሙን የደበቀ ቄስ ወይም ዲያቆን ቀስ በቀስ ከተራው እየራቀ ይሄዳል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ስለሌለ ሰነፍ ይባላል። የደብሩ አለቃ ለብቻው ቢጠይቀው፣ የማለዳ ተራውን ሕመሙ ቀለል ወደሚልበት ቀን ቢያዛውርለት፣ ወይም ከቅዳሴ ውጭ ባለ አገልግሎት ቢያሰማራው አገልጋዩ አይጠፋም። ለመቁረብ የሚያስፈልገው የ18 ሰዓት ጾም ለብዙዎች ሆድን የሚያሳርፍ ስለሆነ ቁርባንን እንደማይቻል አድርጎ ማሰብ አያስፈልግም፤ ሕመሙ በበረታበት ቀን ግን ውሳኔው የንስሐ አባት ነው።

የአብነት ተማሪዎች ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በየደጁ የተለመነ ቁራሽ ተጠራቅሞ ያድራል፤ በጠባብ ጎጆ ብዙዎች ይኖራሉ፤ የእጅ መታጠቢያም ሳሙናም ብዙ ጊዜ የለም። የሚያዛቸው ተቅማጥ ያልፋል፤ ከላይ እንደተባለው ግን ከጥቂቶቹ ላይ የአንጀት መቆጣትን ትቶባቸው ይሄዳል፤ ዜማውን ወይም ቅኔውን አቋርጠው ወደ አገራቸው የሚመለሱም አሉ። የተሸፈነ የመጠጥ ውሃ ማስቀመጫ፣ ከጎጆዎቹ ራቅ ብሎ የተቆፈረ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከበሩ አጠገብ የተንጠለጠለ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና የሚጠይቁት ገንዘብ አንድ ደብር የማይችለው አይደለም።

ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ሲከበር ከከተማውና ከገጠሩ የሚመጣው ሕዝብ ኮረብታውን ሞልቶ ይውላል። ለዕለቱ ከሚደረጉት ዝግጅቶች ጋር ጊዜያዊ መጸዳጃ ቤቶች ለወንድና ለሴት ተለይተው እንዲቆሙ፣ ውሃ እንዲቀርብባቸው፣ መንገዱንም የሚያሳይ ምልክት እንዲሰቀል የበዓሉ ኮሚቴ በጥቅምት መጀመሪያ ቢወስን ጊዜው ይበቃዋል።